የተንቀሳቀሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት

መድን የሚባለውን ነገር ለአክስቴ በጋሞኛ ላስረዳ ተቀምጬ ፀሐይ ጠለቀችብኝ ብል ትንሽ አጋነንኩ እንጂ ብዙ አልዋሸሁም። ቃሉ በቋንቋችን የለም። ስለዚህ ከሥሩ መጀመር ነበረብኝ።

"ቤትሽ ቢቃጠል ሌላ ቤት የምታሠሪበት ይሰጡሻል" አልኳት።

"ካልተቃጠለስ?"

"ካልተቃጠለማ ምን ይሰጡሻል?"

"እንዲቃጠል ነው እንዴ የሚፈልጉት?"

"ኧረ እንዳይቃጠል ነው የሚፈልጉት!"

"እንዳይቃጠል የሚፈልግ ሰው እቤቴ ድረስ መጥቶ የእሳት ስም ይጠራል?" አለችና ፊቷን አዞረች።

ይህን የምንነጋገረው ዶርዜ፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ ትልቅ ቤቷ ፊት ለፊት ቁጭ ብለን ነው። ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ አርባ ምንጭ ወርጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ሌላ የሚቀበለኝ ሲጠፋ ወደ ደጋው የተመለስኩ ጎረምሳ ነበርኩ። የሸማኔዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ አድርጎ ሾመኝ። የተመረጥኩት መጻፍ ስለምችል ነው ቢባልም፣ እውነቱ ግን ስብሰባ ሲረዝም ሰው እንዳያንቀላፋ የማደርግ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው።

ቤቱን ላስተዋውቃችሁ። የዶርዜ ቤት ያላየ ሰው ካለ፣ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ፣ በደረቀ የእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ቅርፊት ተሸፍኖ የቆመ ጎጆ ነው። በር ላይ አፍንጫ የመሰለ ነገር አለው፣ ከሩቅ ሲያዩት ዝሆን ግቢ ውስጥ ተኝቶ መንገደኛ የሚቆጥር ይመስላል። የአክስቴ ቤት የአካባቢው ዝሆኖች ሁሉ አባት ነበር። የሠራው ባሏ ነው፣ ነፍሱን ይማርና። ሲሠራው ጫፉ ደመና እየነካ ያስቸግር ነበር ይላሉ። ምስጥ ግን በየዓመቱ ከሥር ትንሽ ትንሽ ይበላዋል፣ ስለዚህ የኛ ቤት ሲያረጅ ያጥራል። አክስቴም እንደዚሁ። እሷና ቤቱ እኩል እያጠሩ አብረው አርጅተዋል፣ እኔ በልጅነቴ ማን ቀድሞ መሬት እንደሚደርስ እከታተል ነበር።

"ከዚህ ቤት አፍንጫ ሥር ነው ተሸክማችሁ የምታወጡኝ" ትል ነበር አክስቴ። ለሌላ ነገር ብዙም ግድ አልነበራትም።

ታዲያ ማኅበሩ ከመንግሥት ክር ሲመደብለት ማስቀመጫ አጣ። ሊቀመንበሩ፣ ድምፁ ከጨንቻ እስከ አባያ ሐይቅ የሚሰማ ሸማኔ ነበር፣ አክስቴ ዘንድ መጣና ቤቱን ለጊዜው አውሺን፣ መጋዘን ሠርተን እስክንጨርስ ነው አላት። ቤቱ ለአንዲት መበለት ሰፊ ነው፣ ለክር ግን ልክ ነው አላት። እሷም አዋሰች። ምድጃዋ ወዳለበት ትንሽ ማብሰያ ቤት ተዛወረች። ከላይ ደግሞ፣ የመንግሥት ክር የሚቀመጥበት ቤት የእሳት መድን ይግባ የሚል ትእዛዝ መጣ። ቤቱ የአክስቴ ስለሆነ ውሉ በስሟ ሆነ። ፀሐይ የጠለቀችብኝ በዚህ ምክንያት ነው።

የመድኑ ሰው ከአርባ ምንጭ በላንድሮቨር መጣ። ረጋ ያለ፣ ባርኔጣውን ከጭንቅላቱ ይልቅ በእጁ መያዝ የሚወድ፣ ጨዋ የሰሜን ሰው ነበር። ቤቱን ዞሮ ዞሮ አየው፣ አንገቱን አንጋጦ ቆመ።

"ይሄ ሚስማር የለውም?" አለኝ።

"አንድም የለውም ጓድ።"

"ታዲያ ምን ይዞት ነው የቆመው?"

"ልማድ" አልኩት። ሳቀ። ከዚያን ቀን በኋላ ብዙ ጊዜ አላሳቅሁትም።

አክስቴ ቆጮ አቀረበችለት፣ ከዳጣ ጋር። ዳጣ የኛ የበርበሬ ድልህ ነው፣ ያልለመደው ሰው በጣት ጫፍ ነው የሚነካው። ሰውዬው በአክብሮት ጠቀለለና ጎረሰ። ዓይኑ ቀላ፣ ጆሮው ቀላ፣ ላንድሮቨሩ ራሱ የቀላ መሰለኝ። ያን ቀን በዚያ ግቢ የተነሳው የመጀመሪያ እሳት ያ ነው፣ መድንም አልነበረውም።

የአክስቴ አማርኛ እንደ ብዙዎቻችን በኋላ የመጣ አማርኛ ነው፣ ወንድና ሴት አይለይም። "አይዞሽ፣ ውኃ ጠጪ" አለችው ትከሻውን እየመታች። "እሳቷ ቶሎ ይጠፋል።"

"ውሃ... እግዜር ይስጥልኝ እማማ" አለ ትንፋሹ ሲመለስ። ተነሥቶ ግቢውን ለካ። የቀርከሃው ደን ከኋላ፣ ትልቁ ቤት ደኑ ሥር ተጠግቶ፣ ማብሰያ ቤቱ ከፊቱ። ማብሰያ ቤቱና ትልቁ ቤት ከመቀራረባቸው የተነሳ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ የሚለው ይመስል ነበር።

"ይሄ አደጋ ነው" አለኝ። "ውሉን ዛሬ እናትማለን፣ ግን ንገራቸው። ቤቱና እሳቱ መራራቅ አለባቸው። አሁኑኑ ይራራቁ። በዚህ ላይ ቀልድ የለም።"

እኔም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ በሕይወቴ አንድ ቀን ሳላጋንን፣ ተረጎምኩ። ቤቱና እሳቱ ይራራቁ። አክስቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሊቀመንበሩም ነቀነቀ። ምክሩ ትክክል ነው፣ ማንም አልተቃወመም። ሰውዬው አፉን በመሐረብ እየጠረገ ወረደ።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሌላ አገር ያለ ሰው ቤቱንና እሳቱን አራርቅ ቢሉት ምድጃውን አንሥቶ ይወስዳል። እኛ ዘንድ ግን ምድጃ አይነሳም። የአክስቴን ምድጃ ድንጋይ የተከለችው አማቷ ናት፣ የአማቷን ደግሞ ማን እንደተከለው እግዜር ይወቀው። ምድጃ ሥር አለው። ቤት ግን ቅርጫት ነው። ጎርፍ ሲመጣበት፣ ከጎረቤት ጋር ሲጣሉ፣ ቦታው ሲጠብ ተነሥቶ ይሄዳል። ያ ቤት ራሱ ባሏ በሕይወት ሳለ አንድ ጊዜ ተሸክመውት ሄዷል። ስለዚህ ማንም ሰው "የቱ ይነሳ?" ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም፣ መቼም የጭነት መኪና ሲመጣ መንገዱ ይራቅ የሚል ሰው የለም።

በሳምንቱ የማኅበሩ ሸማኔዎች ተሰበሰቡ። ክሩን አወጡ፣ ረጃጅም ቀርከሃ በቤቱ ሆድ ውስጥ አሻግረው አሰሩ፣ ገቡበት። ከውጭ ሲታይ እግር ብቻ ነው የሚታየው። ሊቀመንበሩ ከፊት ሆኖ ሲጮህ "ሆ!" ብለው አነሱትና ዝሆኑ በመቶ እግሩ ግቢውን አቋርጦ ከፍ ወዳለው ሜዳ ወጣ። አክስቴ ከኋላው እየተከተለች "ቀስ! አፍንጫውን ጠብቁ!" ትላለች። ከደኑ ርቆ፣ ከምድጃው ርቆ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጉብታ ላይ አረፈ፣ ክሩም ተመልሶ ገባበት። አሮጌው ቦታ ክብ ሆኖ ጥቁር አፈር ቀረ። አክስቴ ቦታ ባዶ ሲሆን ስለማትወድ በማግስቱ ጎመን ዘራችበት።

በጋ ገባ። በበጋ ከአባያ በኩል ገደሉን ወደ ላይ የሚወጣ ነፋስ አለ፣ ቆብ ብቻ ሳይሆን ሐሳብም ይወስዳል። አንድ ረፋድ ላይ አክስቴ ምድጃዋ ላይ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ጨመረች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጨምር ኖራለች። ነፋሱ በበሩ ገብቶ አንዷን ቅጠል እንደተቀጣጠለች ይዟት ወጣ። ቅጠሏ ማብሰያ ቤቱን አልነካችም። አሮጌውን ቦታ አልነካችም፣ ከጎመኑ በላይ አለፈች። ወፍ ጎጆዋን እንደምታውቅ ሁሉ በቀጥታ ጉብታው ላይ ሄዳ የትልቁ ቤት ጫፍ ላይ አረፈች። ደኑ ሥር ቢሆን ኖሮ ቀርከሃው ይከልለው ነበር።

ሁላችንም በሸማ ሥራ ላይ ነበርን፣ ቅርብ ነን፣ ደረስን። እሳቱ ገና ጫፉ ላይ ብቻ ነው፣ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ቤቱን የተሸከምንባቸው ረጃጅም ቀርከሃዎች እዚያው ከበሩ አጠገብ ተኝተዋል።

"አንሱት!" አለች አክስቴ። "ቤቱን አንሱት! ወደ ወንዙ ውሰዱት!"

አሁን ሲታሰብ የሚያስቅ ነው፣ የሚነድ ቤት ተሸክሞ ወደ ወንዝ መሮጥ። ግን እምላችኋለሁ ሰዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። አንዳንዶቹ ቀርከሃውን ይዘዋል።

"ክሩን!" አለ ሊቀመንበሩ። ያ ድምፁ። "ክሩን አውጡ! የሰፊው ሕዝብ ክር ነው! ክሩን!"

ሰው ሁሉ ቀርከሃውን ጣለ። የመንግሥት ክር ተቃጠለ ማለት በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። አንድ ሰው ይጠራል፣ ለምን ተቃጠለ ይባላል፣ ከዚያ ስለዚያ ሰው ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማውራት ይጀመራል። ሊቀመንበሩም ይህን ስለሚያውቅ ነው የጮኸው፣ አልፈርድበትም። እኔም እስከ አፍንጫዬ ክር ታቅፌ ወጣሁ። ቡና ቀለም ያለው ጭስ እያስነጠሰን፣ እየተመላለስን፣ አንዲት ልቃቂት ሳትቀር አወጣን። የመጨረሻው ክር ሲወጣ ቤቱ ተቀመጠ። ዝሆን ሲደክመው እንደሚቀመጠው፣ መጀመሪያ ከኋላ፣ ከዚያ አፍንጫው።

አክስቴ ክሩ ላይ ተቀመጠች። ማንም ተነሺ አላላትም።

"እሺ" አለችኝ። "ያ ያልከው ነገር። ተቃጥሏል። አሁን ይስጡኝ።"

የመድኑ ሰው በላንድሮቨሩ ተመልሶ መጣ። ውሉ ላይ ቤቱ ያለበት ቦታ ተጽፏል፣ ከቀርከሃው ደን ሥር፣ ከማብሰያ ቤቱ በስተኋላ። ሰውዬው ሰላም ካለን በኋላ ማንንም ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደዚያ ሄደ። እኛም እንግዳ ነው ብለን ተከተልነው። ደኑ ሥር ደርሶ ቆመ። ፊት ለፊቱ ክብ የጎመን መደብ አለ፣ አረንጓዴ፣ ጤዛ ያለበት።

"የት ነው የተቃጠለው?" አለ።

"እዚያ ላይ" አልኩት ጉብታውን እያሳየሁ።

"እዚያ ላይ ያለው የማን ቤት ነው?"

"ይሄው ቤት ነው።"

"የትኛው ይሄው?"

"እዚህ የነበረው። እርስዎ ይራራቁ ባሉ ጊዜ ሄደ።"

ባርኔጣውን ከእጁ ወደ ጭንቅላቱ አወጣው። መልሶ አወረደው። "ሄደ? ቤቱ?"

"በእግሩ" አለች አክስቴ በአማርኛ። "አንቺ ነሽ ሂድ ያልሽው።"

"እማማ፣ እኔ ምድጃው ነው ያልኩት..."

"ምድጃ ይሄዳል እንዴ?" አለችው፣ እውነት ገርሟት። ዞራ በጋሞኛ "ይህ ሰውዬ የተማረ ነው አላልከኝም?" አለችኝ። ይህን አልተረጎምኩም።

ሰውዬው ጎመኑን ለረጅም ጊዜ አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይሄ ነው ችግሩ። ክፉ ቢሆን ኖሮ የምንጣላው ሰው እናገኝ ነበር። "እኔ እንደማየው እጽፋለሁ" አለ፣ "ግን በውሉ ቦታ ላይ ያለው... እንግዲህ ጎመን ነው።"

ከዚያ ወደ አርባ ምንጭ መመላለስ መጣ። አክስቴ ወደ ታች ወርዳ አታውቅም። ደጋ እንደለመደች ወፍራም ቡሉኮዋን ተከናንባ የጭነት መኪና ላይ ወጣች፣ ሲቀላ የሚባለው የአርባ ምንጭ ሰፈር ስንደርስ ሙቀቱ ሊያቀልጠን ምንም አልቀረውም፣ ቡሉኮውን አውልቂ ብላት ሰው ፊት ራቁቴን? አለችኝ። ገና ስንወርድ፣ በመንገዱ መታጠፊያ ላይ አባያ ሲታያት ግን መኪናውን አስቁሙልኝ አለች። ሾፌሩ አላቆመም። አንገቷን አዙራ እስኪጠፋ ድረስ አየችው።

"ይሄ ሁሉ ውኃ እዚህ ተኝቶ ነው የኔ ቤት የነደደው?" አለች።

 

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከኋላው መፈክር፣ ከፊቱ የማይዞር የጠረጴዛ ማራገቢያ ያለው ሰው ነበር። በብዙ ወንበሮች ላይ ብዙ ቀን ካስቀመጠን በኋላ አስገባን። በትሕትና ተናገረ።

"እማማ፣ ያስገቡት የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው። ውሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ቤት የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው።"

"የኛ ይንቀሳቀሳል" አለች አክስቴ።

"በሕግ አይንቀሳቀስም።"

"በሕግ እንጃ። በትከሻ ግን ይንቀሳቀሳል።"

"እሺ፣ ይሁን። እኛ መድን የሰጠነው ቤት ደኑ ሥር ያለው ነው። እሱ አልተቃጠለም። መርማሪያችን አይቶታል።"

"ካልተቃጠለ የታለ?"

ኃላፊው እጁን ዘረጋ። "እሱን እኛ አናውቅም። የእሳት መድን ነው የሰጠነው፣ የመጥፋት አይደለም።"

እኔ መሃል ገባሁ። ጓድ፣ አልኩ፣ ቤቱ የሄደው በእናንተ ምክር ነው፣ እሳት ለመከላከል ነው። ጓድ፣ አለ፣ ምክራችን ትክክል ነው፣ አፈጻጸሙ ነው። ይሄ "አፈጻጸሙ ነው" የሚባል ነገር የዘመኑ ትልቁ መድን ነበር፣ ከላይ የተቀመጠውን ሁሉ ከማንኛውም እሳት ያድናል። ጠረጴዛውን አየሁ፣ መፈክሩን አየሁ፣ የማይዞረውን ማራገቢያ አየሁ። እሱም የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው አልኩ በሆዴ።

ኃላፊው ሊሸኘን ተነሣ። ቶሎ እንድንወጣለት ብሎ ይመስለኛል እንዲህ አለ፦ "መርማሪው የቃጠሎውን ቅሪት በውሉ ቦታ ላይ ቢያየው ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ሳያየው ግን ምን ማድረግ ይቻላል?"

አክስቴ በሩ ላይ ቆመች። "በቦታው ካየሽ ትከፍያለሽ?"

"ካየን... እናስብበታለን እማማ።"

በመኪናው ወደ ላይ ተመለስን። ደጋው ላይ ስንወጣና ጉሙ ሲቀበለን ቡሉኮዋን አስተካከለችና "ሰዎቹን ሰብስብልኝ" አለችኝ።

መርማሪው፣ ያው የመድኑ ሰው፣ ለመጨረሻ ጊዜ በመጣ ቀን፣ ሸማኔዎቹ ከጉብታው ላይ ወረዱ። እንደ ድሮው ብዙ አልነበሩም። ቤት የሚያነሱት ትከሻዎች ከነባለቤቶቻቸው ለወታደርነት ወደ ሰሜን ተልከዋል፣ የቀሩት ሽማግሌዎችና እኔን የመሰሉ ናቸው። የከሰሉትን ቀርከሃዎች በትከሻቸው፣ አመዱን በቅርጫትና በአክስቴ ቡሉኮ ይዘዋል። ሊቀመንበሩ ከፊት ነው። መጀመሪያ ዝም ብለው ነበር የሚሄዱት። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ፣ ከልማድ ይመስለኛል፣ "ሆ!" አለ። ሌሎቹም "ሆ!" አሉ። ቤት ሲሸከሙ እንደሚባለው፣ ያው ዜማ፣ ያው እርምጃ። አመድ ቀላል ነገር ነው፣ ማንም ብቻውን ይይዘዋል፣ እነሱ ግን እንደ ከባድ ነገር ጉልበታቸውን አጥፈው ነው የሄዱት። አክስቴ ከኋላ እየተከተለች "ቀስ" አለች። "አፍንጫውን" አለችና ተወችው።

ጎመኑ ላይ አስቀመጡት። ክቡን ሞላው።

መርማሪው ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። "አየሁት" አለ። "በቦታው አየሁት እማማ። እጽፋለሁ።"

"ጻፊ" አለችው አክስቴ። ቆጮ አቀረበችለት። ዳጣውን ሳያስቀር በላ፣ ዓይኑ ቀላ፣ በምን እንደቀላ አልጠየቅንም።

መልሱ ከብዙ ወራት በኋላ መጣ። ንብረቱ ከአደጋው በፊት ብቻ ሳይሆን ከአደጋው በኋላም የተንቀሳቀሰ ስለሆነ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም ይላል። ለአክስቴ ተረጎምኩላት። አልገባትም፣ ደግሜ ተረጎምኩላት። እኔም እንዳልገባኝ ስታይ ተወችኝ። ሊቀመንበሩ በማኅበሩ ስም አዲስ ቤት እንሠራለን ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ደኑ ግን ለስብሰባ አዳራሽ ተፈለገና ተቆረጠ። ክሩን ሌላ ሰው ቤት ወሰዱት።

አክስቴ ማብሰያ ቤቱ ውስጥ፣ ያ የማይነሳ ምድጃዋ አጠገብ ቀረች። በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ አፍንጫ የለውም። ጎመኑ ከአመዱ ሥር ወጥቶ እንዴት ያለ ጎመን ሆነ መሰላችሁ! አንዱ ቅጠል ለአንድ ቤተሰብ ጃንጥላ ይሆናል፣ ከጨንቻ ሰው እየመጣ ያየው ነበር። የመድን ጎመን ነው እያልኩ አሳያለሁ። ካሳ ብለን የበላነው እሱን ነው።

በሄድኩ ቁጥር ስለ ሁሉ ነገር በጋሞኛ ታወራኛለች። ስለዚያ የመድን ሰው ስትጠይቀኝ ብቻ አማርኛ ታወጣለች፣ ያወቀችው በዚያ ቋንቋ ስለሆነ።

"ያቺ ሰውዬ መጣች?"

ምን ልበላት? የማውቀው መቀለድ ነው።

"መንገድ ላይ ናት አክስቴ። እየተንቀሳቀሰች ነው።"

እሳቱን ቆሰቆሰች።

"እንግዲያውስ" አለች፣ "ለእሷም አይከፍሏትም።"